ስለ ብሎን ማጥበቅና ስለ ልክ

የሞተር ነገር ለባለሙያ ብቻ የሚገባ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ እህሉን ተሸክሞ ከኦቾሎ ተራራ የወረደ ገበሬ ወፍጮው ቆሞ ቢያገኘው ምን እንደሚደርስበት ያስብ። ጥሬውን እንደ ተሸከመ ዳገቱን ተመልሶ ይወጣል፤ ልጆቹም ያለ ራት ያድራሉ። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ወደ ሆነችው ወደ ጨንቻ የሚወጣ አውቶቡስም ሞተሩ ግሎ ቢቆም፥ መንገደኛው ሁሉ በዳገት ላይ ይቀራል።

ለዚህ ሁሉ መከራ ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ በልክ ያልጠበቀ ብሎን ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አየሩ ተጨምቆ ከቀድሞ ስፋቱ ወደ አሥራ ስድስተኛው፥ አልፎም ወደ ሃያኛው እጅ ያንሳል፤ ነዳጁ በተቀጣጠለም ጊዜ ግፊቱ ከውጭው አየር መቶ እጥፍ ሊደርስ፥ ሊያልፍም ይችላል። ይህን ኀይል የሚያግደው በሲሊንደሩ ላይ እንደ ክዳን የሚገጠመው ቴስታታ ነው፤ በመካከላቸውም ጋስኬት የሚሉት ስስ ማሸጊያ ይነጠፋል። ብሎኖቹ እኩል ካልያዙ ግን እሳቱ በላላው ወገን መውጫ ያገኛል፤ ውሃውም ከዘይቱ ይቀላቀላል፤ ቴስታታውም ይጣመማል።

ብዙ ሰው ማጥበቅ የክንድ ብርታት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሁለተኛው የሚሄድ ሰው፥ ክዳኑን በአንድ ወገን ሲጫነው በሌላው ወገን ያነሣዋል። ሥርዐቱ ከመካከል ጀምሮ በግራና በቀኝ እያፈራረቁ ወደ ዳር መውጣት ነው። የመጨረሻው ልክ 90 ኒውተን ሜትር ቢሆን፥ በመጀመሪያው ዙር ለሁሉም 30፥ በሁለተኛው 60፥ በሦስተኛው 90 ይሰጣል። ቁጥሩንና ተራውን የሞተሩ መጽሐፍ ይወስነዋል፤ ማናቸውም ብሎን ግን ባልንጀራውን ትቶ አይቀድምም። በሚፈታበት ጊዜ ደግሞ ከዳር ተጀምሮ ወደ መካከል ይገባል።

ከዚህ የጠለቀም ምሥጢር አለ። ብሎን የሚይዘው ስለ ዞረ አይደለም፤ እንደ ጅማት ተለጥጦ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ስለሚስብ ነው እንጂ። ከሚያዞረውም ኀይል ከአሥር ዘጠኙ እጅ ያህል በጥርሱና በራሱ ሥር በሰበቃ ያልቃል፤ ብሎኑን የሚለጥጠው የቀረው አንዱ እጅ ነው። በጥርሱ መካከል ዝገት ወይም ጉድፍ ካለ፥ ሰበቃው ከዚያም ከአንዱ እጅ ይቀንሳል። ያን ጊዜ መለኪያው «ሞላ» ይላል፥ ብሎኑ ግን በሚገባ አልያዘም። ስለዚህ አስተዋይ ሠራተኛ ከማጥበቁ አስቀድሞ ያጸዳል፤ መጽሐፉ ሲያዝም ጥርሱን በጥቂት ዘይት ያለሰልሳል። ዘይቱም ቢሆን በጉድጓዱ ውስጥ ከተጠራቀመ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላልና በልክ ይሁን።

ግፊትን በአንድነት ማገድ ለጋሞ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ነገር የሚጸናው በአንድ ኀይለኛ ቃል ሳይሆን በብዙዎች ምክር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ስለ ደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ በወጡ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አንድ ብርቱ ሰው ብቻውን ሊያቆመው የማይቻለውን፥ ብዙዎች በአንድ ልክ ዝቅ ብለው አቆሙት።

በአማርኛ ብሎን የሚጠብቅበት መሣሪያ ስሙ «መፍቻ» መባሉ ለሚያስተውል ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ የብረቱ መሣሪያ ነው፤ ወርቁ ግን የሚያጠብቅ ሰው ነገ የሚፈታውን እንዲያስብ ነው። ያለ ልክ የታሰረ ብሎን በመፍቻ ቀን ይሰበራል፤ በልክ የታሰረው ግን ሥራውን ፈጽሞ በደኅና ይፈታል።