ሌንሱን ለሠሪ ከመስጠታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት “ካሜራው ተነሣ” ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። “የት አሠራኸው? ስንት ከፈልክ?” የትም አላሠራሁትም። የከፈልኩትም ለስፒርቶና ከፋርማሲ ለገዛኋት የጆሮ ማጠቢያ ጎማ ብቻ ነው። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን አቅርባችሁ አንብቡት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። “ስደተኛ ካሜራ ምን ይሠራለታል? ሽጠህ ዱቄት ግዛበት” የሚለኝ ዘመድ አለኝ። በቅንነት ነው የሚለኝ፣ አልቀየመውም። ግን በኅዳር 2013 ተከዜን ተሻግረን ሐምዳይት ስንገባ አብዛኛው ሰው ምን ይዞ እንደገባ እናውቃለን። የልጁን ካርድ በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ያስገባ አባት ዕድለኛ ነበር። ያቺ ወረቀት ከዚያ ወዲህ ስንት ኸሪፍ እንዳሳለፈች ቁጠሩ። ዝናቡ ከላይ፣ ምስጡ ከታች። ኡም ራኩባም ተነድባም ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ እኔ በዚህ ካሜራ የማነሣው ሠርግ ብቻ አይደለም፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የክርስትና ካርድ፣ የልደት ማስረጃ አነሣለሁ። ወረቀቱ ቢበላም ምስሉ ይቀራል። ምስሉ ከደበዘዘ ግን “በጥራት አንሥታችሁ ላኩ” ተብሎ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ሁለተኛ ዕድልም የለም።

ሌንሱ ፎከስ ማድረግ ያቆመው ዘጠኝ ተማሪዎቼ ለትምህርት ዕድል ማመልከቻ ካርዳቸውን እንዳነሣላቸው ተራ ይዘው በነበረበት ሳምንት ነው። የቀረን ስድስት ቀን ነበር።

ድሮ ቢሆን ካርቱም ለሚሄድ ሰው አደራ ይሰጥ ነበር። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ወዲህ እሱ ቀረ። መደኒ በታኅሣሥ 2016 ስትያዝ ደግሞ ገዳሪፍ ራሷ በተፈናቃይ ሞላች። ገበያው ውስጥ ጥሩ ጥሩ የስልክ ጠጋኞች አሉ፤ ከፊሎቹ ከካርቱም ሸሽተው የመጡ ናቸው። ሌንስ እሠራለሁ የሚል ግን ጥቂት ነው። አንዱ ጋ ወሰድኩት። ሌንሱን ከካሜራው ሳይነቅለው “ሞተሩ ሞቷል” አለኝና የሁለት ወር ኢንሴንቲቬን የሚያህል ዋጋ ጠራ። አመስግኜው ይዤው ወጣሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። ሌንስ “ተበላሸ” ስንል መጀመሪያ ጎኑ ላይ ያለችውን ማብሪያ የምታህል ቁልፍ እዩ። “ኤ ኤፍ” ላይ ከሆነች ካሜራው ራሱ ፎከስ ያደርጋል፣ “ኤም ኤፍ” ላይ ከሆነች በእጅ ነው። ቦርሳ ውስጥ እየታከከች ቦታዋን ትለቃለች። ለዚህች ቁልፍ ብቻ ገንዘብ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፣ ግን ይህን እያነበበ ነው።

የእኔው ቁልፏ አልነበረችም። ሌንሱን ስትነቅሉት ከኋላው ወርቅማ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ነጠብጣቦች በመስመር ተደርድረው ታያላችሁ። ካሜራውና ሌንሱ የሚነጋገሩት በእነሱ ነው፤ “ወደዚህ ዙር፣ እዚህ ቁም” የሚለው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚያልፈው በእነሱ ነው። የእጅ ወዝ ወይም የገዳሪፍ አቧራ ከሸፈናቸው ትእዛዙ ይቋረጣል፣ ሞተሩም የሞተ ይመስላል። ካሜራውን አጥፉ፣ ሌንሱን ንቀሉ፣ የካሜራውን አፍ ወደ ታች አድርጉ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጫፍ በስፒርቶ በጣም ትንሽ አርጥቡና ነጠብጣቦቹን ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ካሜራው በኩል ያሉትንም እንዲሁ። ስፒርቶ ሌንሱ ላይ አይንጠባጠብ፣ ጨርቁ ላይ ብቻ። እስኪደርቅ ጠብቁና መልሱ። የእኔው በዚህ ብቻ ተነሣ። ዘጠኙም ካርዶች በሦስተኛው ቀን ተላኩ።

መስታወቱን ስለማጽዳት ግን ልብ በሉ፤ ብዙ ሌንስ የሚሞተው እዚህ ነው። ሃቡብ ሲነሣ የሚመጣው አቧራ ውስጥ አሸዋ አለ። አሸዋ አብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል። ተራ መስታወት ከ5.5 እስከ 6 አካባቢ ነው። ስለዚህ በነጠላ ጫፍ ስትወለውሉት የምታደርጉት ነገር መፋቅ ነው። መጀመሪያ በጆሮ ማጠቢያዋ ጎማ ንፉ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ፣ የጣት አሻራ ከቀረ ብቻ ጨርቅ። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይፈናጠራል። ውስጡ የገባች አንዲት ሁለት ብናኝ ብታዩ ደግሞ ተዉአት። ፎቶው ላይ አትታይም፤ እሷን ለማውጣት ሌንስ መክፈት ለቁንጫ ጎጆ ማቃጠል ነው።

ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ከኋላው ያሉት ብሎኖች ላልተው ይሆናል። ማጥበቅ ቀላል ነው፣ ካቻቢቴው ግን ቀላል አይደለም። የጃፓን ካሜራዎች ብሎን መስቀለኛ ቢመስልም ጃፓኖች የራሳቸው ደረጃ አላቸው፤ እኛ የለመድነው መስቀለኛ ካቻቢቴ በትክክል አይቀመጥበትም፣ አናቱን ይበላዋል። አናቱ የተበላ ብሎን ማውጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ገበያ ውስጥ አንድ የስልክ ጠጋኝ ወዳጅ አለኝ፤ የካቻቢቴ ሳጥኑን አውጥቶ “ያ ኡስታዝ፣ ሳትጫነው በራሱ ቁጭ የሚለውን ምረጥ” አለኝ። አንድ በአንድ ሞክረን አገኘነው። ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ ሻይ ጋብዤው ተለያየን።

የኸሪፍ ነገር ከሁሉ ይብሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም በእርጥብ ድንኳን ውስጥ፣ በተዘጋ የቆዳ ቦርሳ የተቀመጠ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። ወደ ብርሃን ይዛችሁ ስትመለከቱት የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ውስጡ ታያላችሁ። ሻጋታው የሚተፋው አሲድ ከቆየ የመስታወቱን ሽፋን ስለሚበላ፣ በኋላ ቢጸዳም ጠባሳው ይቀራል። መከላከያው ርካሽ ነው፤ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ባልዲ፣ ውስጡ ከጫማ ካርቶን የምናገኛቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች። ሩዝ የምትሉ አላችሁ፤ እኔ ዱቄቱን አልወደውም። የሻገተውን የገዳሪፍ ቀትር ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ አትሂዱ፤ ውስጡ ያለው ቅባት ቀልጦ ብርሃን የሚመጥኑት ስስ ምላጮች ላይ ይፈስና እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል።

እኔ የማልነካውን ደግሞ ልንገራችሁ። ሞተርና ሪባን ያለውን የአዲስ ሌንስ ውስጥ አልከፍትም። ፍላሽ ያለውን የካሜራ ገላ ደግሞ ማንም እንዳይከፍት እለምናለሁ፤ ባትሪው ወጥቶም ቢሆን የፍላሹ ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ልጆች ያሉበት ቤት በተለይ ተጠንቀቁ።

በስልክ ለምታነሡ ብዙዎቻችሁ፦ የደበዘዘው ብዙ ጊዜ ካሜራው ሳይሆን ከላዩ ያለችው መሸፈኛ መስታወት ናት። መጀመሪያ እንደ ሌንሱ ንፉና ጥረጉ። ከተጫረች እሷን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ “ካሜራው በሙሉ ይቀየር” የሚል ጠጋኝ ሲገጥማችሁ ይህን ጠይቁት።

ጨርሶ የሞተ ሌንስ ያላችሁ ግን አትጣሉት፣ እኔ እፈልገዋለሁ። ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ የለውም። አንድ የሞተ ሌንስ ፈትቼ የፊተኛዋን መስታወት ለተማሪዎቼ ሰጠኋቸው። ነጭ ወረቀት ከኋላዋ ይዘው ሲያራርቁ ሲያቀራርቡ፣ ውጭ ያለው የግራር ዛፍ ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ መጣ። ርቀቱን በማስመሪያ ለኩ፤ የትኩረት ርቀት የሚባለው እሱ ነው። አንዷ ልጅ “ቲቸር፣ ይሄማ እኛ ድንኳን ውስጥም ይመጣል” አለችኝ። እውነቷን ነው። በሩ ሲዘጋ ከሸራው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ዘቅዝቆ ማዶ ግድግዳው ላይ ያሳያል። የባስራው ተወላጅ ኢብን አል ሃይሰም ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት ካይሮ ሆኖ የመረመረው ይህንኑ የጨለማ ክፍል ብርሃን ነበር፤ በሚቀጥለው ቀን ስለ እሱ ተማርን።

ስለዚህ ከገዳሪፍ ወደ ተነድባ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ የተሰበረውን፣ የሻገተውን፣ የተጫረውን ሌንስ በእሱ ላኩልኝ። ያረጀ መነጽርም ቢሆን እቀበላለሁ። ክፍሉ ውስጥ 62 ልጆች አሉ፣ እስካሁን ያለን መስታወት አንድ ነው።