ቫይረሱ ጠፋ፤ ኮምፒዩተሩ ግን አልተነሣም

በቅርብ ዘመን ወደ ከተማ ቋንቋችን ገብተው ሥር ከሰደዱ ቃላት አንዱ «ፎርማት» ነው። ኮምፒዩተሩ ዘገየ ቢሉ ፎርማት፤ አልከፍት አለ ቢሉ ፎርማት፤ ቫይረስ ገባበት ቢሉማ፣ ጠጋኙ ባለቤቱን «ምን ምን አሳየ?» ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ፣ ፎርማት። ቃሉ ከጥገና ሱቅ ወጥቶ ወደ ጨዋታችን፣ ከጨዋታችንም አልፎ ወደ ፖለቲካችን ከገባ ሰነባብቷል። «ይህ መሥሪያ ቤት ፎርማት መደረግ ነው ያለበት» ሲባል ሻይ ቤት ውስጥ ያልሰማ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው። እኔ የማስተምረው የመንግሥት አስተዳደርን ነው፤ ኮምፒዩተር መፈታታት ደግሞ ከተማሪነቴ ጀምሮ ያልተወኝ ሱስ ነው። ከሁለቱም ወገን ሆኜ ሳየው በዚህ ቃል ላይ ቅሬታ አለኝ፤ ቅሬታዬንም በአንድ ላፕቶፕ ታሪክ ማስረዳት ይቀለኛል።

ነገሩ የሆነው በ2002 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ነው። የማስተርስ ጽሑፏን የማማክራት አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን በሻሽ ጠቅልላ ቢሮዬ መጣች። ጥናቷ ስለ ገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ከገበሬዎች ጋር፣ በተለይም ባል ከሞተባቸው ሴቶች ጋር፣ ያደረገችውን ቃለ መጠይቅ በካሴት ቀድታ፣ ከካሴቱ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጣዋለች። ካሴት ውድ ስለነበረባት አንዱን ገልብጣ ስትጨርስ በዚያው ላይ ሌላ ትቀዳለች። እንግዲህ የነዚያ ሴቶች ቃል ከዚያች ላፕቶፕ በቀር በምድር ላይ የትም አልነበረም። ጽሑፏን ለፈታኞች የምታቀርብበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

መጀመሪያ የወሰደችው ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለ ሱቅ ነበር። ከፍላሽ የገባ ቫይረስ ፎልደሮቿን ሁሉ ሰውሮ በምትካቸው ባዶ አቋራጮች ደርድሮባታል። የሱቁ ወጣት በአንቲ ቫይረስ አጸዳላት፤ ማጽጃውም ቫይረሶቹን አግኝቶ ማጥፋቱን አበሠረ። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለ። ወጣቱም ብይኑን ሰጠ፤ «ፎርማት ይደረግ»።

«መምህር፣ እንደምንም ብለው ይርዱኝ» አለችኝ፤ «ሌላ ቅጂ የለኝም።»

አልነሣ አለ ስል አንባቢ ጥቁር መስኮት እንዳይታየው። ቁልፉን ሲጫኑት መብራቱ ይበራል፤ የዊንዶውስ ኤክስፒ ምልክት ይመጣል፤ የተጠቃሚዋ ስም ያለበት ገጽ ይከፈታል። ስሟን ስትጫን የግል ቅንብሯን እየጫነ መሆኑን ይነግራታል፤ ዓይን ሳይጨፈን ደግሞ ቅንብሯን እያስቀመጠ መሆኑን ይነግራትና ወደ ስም መጠየቂያው ገጽ መልሶ ያወጣታል። እንደገና ብትሞክር እንደገና ያስወጣታል። በሴፍ ሞድ ቢሞከርም ያው ነው። በሩን ከፍቶ «ግቢ» ብሎ፣ እግሯን ስታነሣ የሚገፈትር ዘበኛ ይመስላል።

ይህ ምልክት ለሚያነበው ሰው ብዙ ይናገራል። ኮምፒዩተር ሲነሣ የሚያልፍበት የዱላ ቅብብል አለ። መጀመሪያ ባዮስ የሚባለው፣ በራሱ ቺፕ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም፣ የማስታወሻውንና የቁልፍ ሰሌዳውን ደኅንነት ይመረምራል። እርሱ ከሃርድ ዲስኩ ላይ የመጀመሪያዋን ክፍል፣ 512 ባይት ብቻ የሆነችውን፣ ያነብና ዱላውን ለእርሷ ያቀብላል። እርሷ ለዊንዶውስ ጫኝ፣ ጫኙ ለዋናው የሥርዓቱ አስኳል፣ አስኳሉም በመሐል ባሉ ሌሎች በኩል ዊንሎጎን ለተባለው በር ጠባቂ ያቀብላሉ። ዊንሎጎን ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሲያምን ዩዘርኢኒት የተባለን ትንሽ ፕሮግራም ይጠራል። ዩዘርኢኒት የተጠቃሚውን ቤት አሰናድቶ፣ የኔትዎርክ ግንኙነቱን አስተካክሎ፣ በመጨረሻ ኤክስፕሎረርን ይቀሰቅሳል። ከነምልክቶቹ የምናየውን ገበታ የሚዘረጋልን ይህ የመጨረሻው ነው።

ተማሪዬ ስሟን እስክትጫን ድረስ ደርሳለች። ስለዚህ ባዮሱ ደኅና ነው፤ ዲስኩ ይነበባል፤ አስኳሉ ቆሟል፤ በር ጠባቂውም ሥራውን ይሠራል። ዱላው የወደቀው ከዊንሎጎን እጅ ወደ ዩዘርኢኒት ሲተላለፍ ነው። አንዲት መገጣጠሚያ ናት የተበላሸችው። ይህን ያወቀ ሰው «ሁሉም ይጥፋ» ለማለት ምን ምክንያት ይኖረዋል?

ለምን ወደቀ? መልሱ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ነው። ዊንሎጎን ማንን መጥራት እንዳለበት በቃሉ አያውቅም፤ መዝገቡ ውስጥ በስሙ በተከፈተ ገጽ ላይ ከተጻፈች አንዲት መስመር ያነባል። ቫይረሱ ያደረገው የእውነተኛውን ፕሮግራም ስም ከዚያች መስመር ፍቆ የራሱን ስም መጻፍ ነው። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ያን ጊዜውኑ በተነቃበት። እርሱ ግን ብልህ ነበር፤ ተጠርቶ ሲመጣ መጀመሪያ የራሱን ሥራ ይሠራል፣ ከዚያ እውነተኛውን ዩዘርኢኒት ራሱ ይጠራዋል። ኮምፒዩተሩ እንደ ወትሮው ይነሣል። ባለቤቷም ለብዙ ጊዜ አንዳች አልጠረጠረችም። አንቲ ቫይረሱ መጣና ፋይሉን አጠፋው፤ መስመሯን ግን አላየም። ዊንሎጎን እንደ ታዘዘው የቫይረሱን ስም ይጠራል፤ «አቤት» የሚል የለም፤ ስለዚህ ሥራው እንዳበቃ ቆጥሮ ተጠቃሚዋን ያስወጣታል። ቫይረሱ በሕይወት ሳለ ይሠራ የነበረ ኮምፒዩተር፣ ቫይረሱ በጠፋ ማግስት ቆመ።

ይህን ቦታ እንደ ዋዛ እንዳናልፈው። የአገራችንን መሥሪያ ቤቶች አሠራር ለሚያጠና ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉቦ ሳይበላ ፋይል የማያሳልፍ አንድ ሹም በግምገማ ይነሣል፤ ጭብጨባው ይደምቃል። ባለጉዳዩ ግን በማግስቱም ያንኑ ጠረጴዛ ይጠብቃል፤ የአሠራር ደንቡ «ያለ እርሱ ፊርማ አይተላለፍ» እንዳለ ነውና። ሰውዬው ሕገ ወጥ ቢሆንም የቅብብሉ አካል ሆኖ ነበር። ሰውየውን ማንሣት የሚታይ፣ በዜናም የሚነገር ሥራ ነው፤ መስመሯን ፈልጎ ማረም ግን መዝገብ ማንበብ ይጠይቃል፣ መዝገብ ማንበብ ደግሞ አያስጨበጭብም።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። የመጀመሪያው ሥራ ጥገና አልነበረም፤ ማዳን ነበር። በእጄ የኡቡንቱ ሲዲ ነበረኝ። በዚያ ዘመን ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በነጻ በፖስታ ይላክ ነበር፤ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆሟል። ኮምፒዩተሩ ከሲዲው እንዲነሣ ሳደርገው የታመመው ዊንዶውስ ከነመዝገቡ ተኝቶ ቀረ፣ ሃርድ ዲስኩ ግን እንደ ተራ መጋዘን ተከፈተልን። ተማሪዬ ያን ጊዜ ነው ድንገት ተነሥታ የቆመችው። ጠፉ ያለቻቸው ፎልደሮች ሁሉ በየስማቸው ተደርድረዋል! ቫይረሱ አላጠፋቸውም ነበር፤ «የተሰወረ» የሚል ምልክት ብቻ ነው የለጠፈባቸው። ዊንዶውስ ምልክቱን አክብሮ ደበቃቸው፤ ኡቡንቱ ግን ለምልክቱ ደንታ የለውም። ሁሉንም ወደ ውጭ ዲስክ ቀዳን፤ እርሷ እያንዳንዱን ስም ጮክ ብላ እየጠራች ትቆጥር ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ፎርማት አድርጎ ፋይል ብቻ የሚመልስ ጠጋኝ የማያስበው አንድ ሌላ ጉዳት አለ። የዚያን ጊዜ ብዙዎቻችን አማርኛ የምንጽፈው በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ ነበር። እነዚያ ፎንቶች ዩኒኮድ አልነበሩም፤ ፊደሎቻችንን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ ከኮምፒዩተሩ ከጠፋ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ስንቱ ሰው «ፋይሌ ተበላሸ» ብሎ ደህናውን ጽሑፍ እንደጣለ ቤት ይቍጠረው።

ከዚያ ወደ መስመሯ ሄድን። ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ከጤነኛ ኮምፒዩተር ጋር በዩኤስቢ አገናኘሁት። የጤነኛው ኮምፒዩተር የመዝገብ ማረሚያ የሌላውንም መዝገብ ጭኖ መክፈት ይችላል። ዊንዶውስ ከተጫነበት ፎልደር ውስጥ፣ «ሲስተም 32» ሥር፣ «ኮንፊግ» በሚባለው ፎልደር «ሶፍትዌር» የተሰኘውን ፋይል ጫንኩት፤ የዊንሎጎንን ገጽ ከፈትኩ። ለእውነተኛው እጅግ የቀረበ፣ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ስም ተጽፎ አገኘን። ፍቄ እውነተኛውን ከነሙሉ አድራሻውና ከመጨረሻ ኮማው ጻፍኩ፤ ዩዘርኢኒት ራሱ በቦታው መኖሩን አረጋገጥኩ፤ መዝገቡን አውርጄ ዘጋሁ። ዲስኩ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ። ስሟን ስትጫን ገበታው ተከፈተ።

የሱቁ ወጣት ጉዳዩን ሰምቶ በማግስቱ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ደንበኛ ላለማጣት ይሆን ለማወቅ ጓጉቶ አልመረመርኩም። «ቲቸር፣ በቀን ሃያ ማሽን ይመጣልኛል፤ ለአንዱ ሦስት ሰዓት ብሰጥ በምን እበላለሁ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። «እሺ፣ ፎርማትህን አድርግ» አልኩት፤ «ግን ከፎርማቱ በፊት የሰዉን ሥራ ቅዳለት። እርሱ ሦስት ሰዓት አይፈጅም።» የኡቡንቱውን ሲዲ አባዝቶ እንዲወስድ ሰጠሁት።

ሚዛን ለመጠበቅ ይህን ልጨምር። ፎርማት ትክክለኛው መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንደ ሳሊቲ ያለ ቫይረስ በእያንዳንዱ የፕሮግራም ፋይል ውስጥ ራሱን ይሰፋል፤ የተሰፋውን ሁሉ ፈትቶ ማመን አይቻልም። ተማሪዬንም ጽሑፏን አቅርባ ከጨረሰች በኋላ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እንድታስጭን መክሬያታለሁ፤ አንድ ጊዜ ሌባ ያደረበት ቤት ቁልፉ መቀየር አለበትና። ክርክሬ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉን ስንገለብጠው ምን እንደሚሆን ከራሴ መንደር፣ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሰናዶ ትምህርት ሲመጣ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ጠቅላላ ትምህርት ተሰረዘ። በ2012 ዓ.ም. እንደገና ተመለሰ። መመለሱን ደግፌዋለሁ። ነገር ግን እነዚያን ኮርሶች ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ መምህራን ጡረታ ወጥተዋል፣ አንዳንዶቹም አርፈዋል፤ የማስተማሪያ ማስታወሻቸውን፣ የፈተናቸውን ዓይነት፣ ተማሪ የት የት ላይ እንደሚሰናከል የያዙትን ዕውቀት ማን ቀዳው? አዲስ ሞጁል በጥድፊያ ተጻፈ። ለውጥ ባወጅን ቍጥር ከታወጀበት ዕለት በፊት የነበረውን ሁሉ ቫይረስ አድርገን ስለምናየው፣ ውስጡ የነበሩት የገበሬ ሴቶች ቃልም አብሮ ይሄዳል።

ጠባቂው ራሱ ቤት ሊያፈርስ መቻሉ ደግሞ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። ተማሪዬ ቢሮዬ ከመምጣቷ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2010፣ ማካፊ የተባለው አንቲ ቫይረስ የተሳሳተ ማሻሻያ ለቆ የዊንዶውስ ኤክስፒን ጤነኛ ፋይል፣ ኤስቪሲሆስትን፣ ቫይረስ ነው ብሎ ያዘው፤ በብዙ አገር ኮምፒዩተሮች እየጠፉ እየተነሡ ማረፊያ አጡ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ የክራውድስትራይክ የደኅንነት ሶፍትዌር ብልሹ ማሻሻያ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን አቆመ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። በሁለተኛው ጊዜ ፈውሱ ምን ነበር? ኮምፒዩተሩን በሴፍ ሞድ ማስነሣት፣ አንዲት ፋይል መሰረዝ፣ እንደገና ማስነሣት። ይህም በአብዛኛው ማሽን በማሽን፣ በሰው እጅ ነበር የተሠራው።

በዚያን ጊዜ የብዙ ባለሙያዎችን እጅ ያሰረ አንድ ነገር ስለነበረ፣ ለዛሬ አንባቢ እርሱን ላንሣ። አሁን ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸውን በቢትሎከር ቆልፈው ይመጣሉ፤ ባለቤቱ ላያውቅም ይችላል። ዊንሎጎንና ዩዘርኢኒት በዊንዶውስ 11 ውስጥ ዛሬም አሉ፤ መስመሯም አለች። ነገር ግን ያ ዲስክ ተፈትቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ቢገናኝ ወይም በኡቡንቱ ቢከፈት፣ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ከሌለ አንዲት ፋይል አይሰጥም። ቁጥሩ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ሳለ ፈልጉት። በወረቀት ገልብጣችሁ፣ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ በሆነ ቦታ አስቀምጡት።