ከዳሞት ለዳሞት

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

  የምጽፍልሽ ከጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ነው። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አገሬን ጠየቁኝ። «ቦዲቲ፣ ዳሞት ጋሌ» ብላቸው «እንግዲያማ የኛው ልጅ ነህ! ስሙን ከዚህ ነው የወሰዳችሁት» አሉኝ።

እውነትም ዳሞት ውስጥ ነኝ። ድሮ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ወደ ፈረስ ቤት ሲወጣ ደግሞ ደጋ ዳሞት ነው፤ ገብስና ድንች፣ ብርድም። እኛ ወላይታ ዘንድ ደግሞ ጋሌው፣ ሶሬው፣ ወይዴው፣ ፑላሳው ሁሉ ዳሞት ነው፤ ሶዶም ዳሞታ ተራራ ሥር ናት።

ሽማግሌውን ግን በአክብሮት ተከራከርኋቸው። የጥንቱ ዳሞት ከዓባይ ወዲያ፣ በደቡብ በኩል ነበር። ገድለ ተክለ ሃይማኖት ንጉሡን ሞተለሚን ያነሣል፤ ወላይታም ሞቶሎሚን ከራሱ ነገሥታት ይቆጥረዋል። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ዓምደ ጽዮን አገሩን አስገበሩት። በ16ኛው ማብቂያና በ17ኛው መባቻ የኦሮሞ መስፋፋት ሲገፋው ብዙው ሕዝብ ዓባይን ተሻገረና እዚህ ሰፈረ፤ የሰፈረበትንም በአገሩ ስም ጠራው። የኛም ተራራ ስሙን ያገኘው ከዚያው መንግሥት ይመስለኛል። ጋፋቶችም እንዲሁ ተሻግረዋል። ቋንቋቸው ጠፍቷል፤ ስማቸው ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሩባት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት የቀረ ይመስለኛል።

ትናንት ቡሬ ዋልሁ። ገበያው በበርበሬ ያስነጥሳል! ከዚያ ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ ዓባይን ይሻገራል፤ የጥንቶቹ ዳሞቶች የመጡት ከዚያ ማዶ ነው። ቡሬም ብቻዋን አይደለችም። ኢሉባቦር ቡሬ አለ፤ አፋርም፣ በአሰብ መንገድ፣ ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ስሙን በሬዲዮ የሰማነው ቡሬ አለ። እነዚህን ግን ስማቸው ስለገጠመ ብቻ ዘመድ አላደርጋቸውም። የዳሞት ስደት በዜና መዋዕል የተጻፈ ነው፤ የቡሬዎቹን እንዲህ የሚያስተሳስር ነገር አላገኘሁም።

በርበሬሽን ገዝቻለሁ፤ ዛላውን ነው፣ አንቺው አስፈጪው። ነገ ወደ ሰከላ እወጣለሁ፤ ከግሽ ዓባይ ለእማማ ጠበል አመጣለሁ። ሳሚልኝ።

ወንድምሽ