ማን ያርሳት?

ክትባት በሚሰጥበት ቀን ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው አግዳሚው ላይ ከተደረደሩት እናቶች መካከል አንዷን ሳያያት አይቀርም። የልጇን ካርድ ለማንበብ መነጽሯን ከቦርሳዋ ታወጣለች። ስድስተኛ ሳምንት፣ አሥረኛ፣ አሥራ አራተኛ፤ ቀጠሮዎቹን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ እግር እናት ዘወር ብላ፣ “የልጅ ልጅዎ ነው?” ትላታለች። “የራሴ ነው።” “ውይ፣ ማርያም ታሳድግልሽ!”

በአዲስ አበባ እንዲህ ዘግይተው የወለዱ እናቶች የሌሉበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ትምህርቱ አለ፣ ሥራው አለ፣ የቤት ኪራዩ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአዲስ አበባን ሴት የወሊድ መጠን በአማካይ 1.8 ልጅ ሲያደርሰው፣ የአገሪቱ 4.6 ነበር። ሁሉም ግን ፈልገው አልዘገዩም። በወጣትነቷ አግብታ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ድረስ ስዕለት ይዛ ስትመላለስ የኖረች አለች። በ2011 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሲከፍት ተስፋዋን ወደዚያ ያዞረችም አለች። ብዙዎቹ ሐኪሙንም መልአኩንም ይዘዋል፤ ደግ አድርገዋል።

ከ35 ዓመት በኋላ ላረገዘች ሴት ሐኪሞች ደም ግፊቷንና ስኳሯን በቅርብ ይከታተላሉ። ጎረቤት ደግሞ ሣራን ይጠቅስላታል፤ በ90 ዓመቷ ይስሐቅን አቅፋለችና። መጽናኛው መልካም ነው። ሣራ ግን ድንኳኗ በአገልጋይ የተሞላ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው የረዳት ነገር ነው። በሃያ ዓመቷ የወለደች ልጅ እናቷ ገና ጉልበት አላት፤ ቅቤዋን ቋጥራ፣ የአጥሚቱን እህል አስፈጭታ ትደርስላታለች። በአርባ ሦስት የወለደችው ሴት እናቷ ወይ ደክማለች፣ ወይ የለችም። እኩዮቿ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል፤ የአራስ ቤት ነገር ከእጃቸው ወጥቷል።

አንዲት የማውቃት ሴት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታረሰች። እናቷ ሰባን አልፈዋል፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ደረጃውን እያረፉ ወጡላት። ገንፎ ማገንፋት ግን ክንድ ይጠይቃል፤ ክንዳቸው እምቢ አለ። ከፊት ለፊት በር ያለችው ወጣት ማማሰያውን ተቀበለቻቸው። እሳቸው በርጩማ ላይ ሆነው፣ “ዱቄት ጨምሪበት። አሁንም እሺው። ገና ጥሬ ነው” እያሉ አስገነፏት። አራሷ አልጋዋ ላይ መነጽሯን አድርጋ፣ ትንፋሿን ውጣ የሕፃኗን ጥፍር ትቆርጣለች። ገንፎው መሐሉ ጎድጉዶ፣ ቅቤና በርበሬው ፈሶበት ሲቀርብላት መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላም ጥርግ አድርጋ በላች። ያቺ ወጣት እስከ ክርስትናው ድረስ አልተለየቻትም።

በሕንጻችሁ እንዲህ ያለች አራስ ካለች “እስካሁን የት ነበርሽ?” አትበሏት። ዕድሜዋንም አትጠይቋት። ገንፎ የምትችሉ አገንፉላት፤ የማትችሉ ጠዋት አንኳኩና ሕፃኑን ተቀብላችሁ ሁለት ሰዓት አስተኟት።