ለወንድሜ፣ ስለ ሪያድ አል-ሶልህ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፤

በላክሁልህ ፎቶ ላይ ከኋላዬ የቆመው ጠርቡሽ የደፋ ሐውልት ማነው ብለህ ነበር። ሪያድ አል-ሶልህ ይባላል፤ የነጻዪቱ ሊባኖስ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ታሪኩን ያወጉኝ የምሠራበት ቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ቡና ሳቀርብላቸው ይጀምሩና ሲኒው ይቀዘቅዛል። ዓመቶቹን እንዳሉኝ በፈረንጅ ልጻፍልህ።

በወጣትነቱ ቱርኮች ከአባቱ ጋር አግዘውታል፤ ፈረንሳይ ስትተካም አልተኛላትም። ኖቬምበር 8 ቀን 1943 የእሱ መንግሥትና ፓርላማው የፈረንሳይን ሞግዚትነት ከሕገ መንግሥቱ ሰረዙ። በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ወታደሮች እሱን፣ ፕሬዚዳንት ቢሻራ አል-ኹሪንና አንዳንድ ሚኒስትሮችን ከየቤታቸው አውጥተው ራሻያ ምሽግ አሰሯቸው። ሱቁ ተዘጋ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሴቶቹ ሳይቀሩ አደባባይ ወጡ። እንግሊዝም ፈረንሳይን ተጫነቻት። ኖቬምበር 22 ተፈቱ፤ የነጻነት በዓላቸው ያ ቀን ነው። በእኛ ሳሰላው ኅዳር 12 ቀን 1936፣ የሚካኤል ዕለት ሆኖ አገኘሁት! ለእማዬ ንገራት፣ ደስ ይላታል።

የሰውዬው ትልቁ ሥራ ግን እስሩ አይደለም። ከቢሻራ ጋር በቃል ተስማሙ፦ ክርስቲያኑ የፈረንሳይን ከለላ፣ እስላሙ ከሶርያ ጋር መቀላቀልን ይተው፤ ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ ይሁን። የፓርላማውም ወንበር ለክርስቲያን 6፣ ለእስላም 5 እየተባለ ተከፈለ። ድርሻው የቆመው በ1932ቱ ቆጠራ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሕዝቡን ቆጥሮ አያውቅም። ሪያድ ራሱ በ1943 ለፓርላማ ባሰማው መግለጫ ይህ ክፍፍል የሚቀርበትን ሰዓት የተባረከ ብሎት ነበር። ሳያየው በ1951 አማን ውስጥ ተገደለ፤ የገደሉት መሪያቸው በእሱ ዘመን የተረሸነባቸው የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው።

የክፍፍሉን ጦስ እኔ ያለሁበት ሰፈር ያሳይሃል፤ ካራንቲና ይባላል፣ ወደቡ አጠገብ ነው። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ከተነሳ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1976 ሚሊሻዎች ገብተው እዚህ የሰፈሩትን ድሆች ፈጁ። መታወቂያ ላይ ሃይማኖት ይጻፍ ስለነበር ኬላ ላይ ሰው ወርዶ በመታወቂያው ይገደል ነበር ይላሉ ሽማግሌው። በ1989 ድርሻው እኩል ለእኩል ሆነ እንጂ ክፍፍሉ አልቀረም።

ወንድምዓለም፣ ፖለቲካ ልማር ብለሃልና እህትህን ስማ። መሪን በታሰረበት ቀን ብቻ አትመዝነው፤ ትቶት በሄደው ደንብ መዝነው። ሪያድ አገሩን ነጻ አውጥቷል፤ ለጊዜው ያለው ድርድር ግን ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ነገ አንተንም ሥልጣንን በዘር ቆጥረን እንካፈል፣ ኋላ እናስተካክለዋለን የሚልህ ቢመጣ እሺ አትበል።

የምትወድህ እህትህ፣ ከካራንቲና