የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤዎችና የጸሐፊው እጅ

ካሳ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በጃናሞራ ደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ደፉ። ቁጣቸውም ርኅራኄያቸውም ብዙ ስላነጋገረ፣ ይህን ጠባይ ከደብዳቤዎቻቸው የፊደል አጣጣል ለማንበብ መመኘት አያስደንቅም። ግራፎሎጂ የተባለው የአውሮፓ ልማድ ከእጅ ጽሑፍ ዘመምታና አያያዝ የሰውን ባሕርይ እገልጣለሁ ይላል። መለኪያው ግን የተበጀው ተያይዞ ለሚጻፍ የላቲን ፊደል ነው፤ የግእዝ ፊደል ተነጣጥሎ ይቆማል።

ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ ያጽፉ ነበር እንጂ በእጃቸው አይጽፉም። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የተላከው፣ መልስ ማጣቱም ለመቅደላው ጦርነት አንዱ ምክንያት የሆነው ደብዳቤ የጸሐፊ እጅ ሥራ ነው። ቁም ጽሕፈት የተማረ ሰው ደግሞ የሚመሰገነው የራሱን ጠባይ በማሳየቱ ሳይሆን፣ ፊደሉን እንደ መምህሩ አስተካክሎ በመጣሉ ነው። ስለዚህ የመስመሩ እርጋታ የንጉሡን እርጋታ አይመሰክርም፤ የጸሐፊውንም ቢሆን እምብዛም።

ቴዎድሮስን የሚፈልግ አጥኚ ወደ ቃሉ ቢመለስ ይሻለዋል፤ በቱርኮች ላይ ወዳሰሙት ስሞታ፣ የወዳጆቻቸውን የፕላውደንንና የቤልን ደም ስለ መመለሳቸው ወደ ተናገሩት። እርሱም በጸሐፊው ጆሮ አልፎ የደረሰን ቃል ነው።