ማዕድ ቤቱን ማን ያድሰው?

ወደ ቅድስት አገር የሚመጣ ተሳላሚ ጎልጎታን፣ ቤተ ልሔምን፣ ዮርዳኖስን ለማየት ይመጣል እንጂ የሚያርፍበትን ቤት ማዕድ ቤት ለማየት አይመጣም። ነገር ግን ከጌቴሴማኒ ሽቅብ ወጥቶ፣ እግሩ ዝሎ በተመለሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚፈልገው እንጀራና ውሃ ነው። ቢታንያ ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። በዚያች መንደር በማርታና በማርያም ቤት የሆነውን የሚያነብ ሁሉ የማርያምን ዕድል ያመሰግናል፤ ማርታ በምን ዐይነት ምድጃ ላይ ትደክም እንደ ነበረ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ከኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ ባለ በአንድ የተሳላሚዎች ማረፊያ የሚያገለግሉ መጋቢ ይህን ማሰብ ግድ የሆነባቸው የቤቱ ማዕድ ቤት ፈጽሞ ባረጀ ጊዜ ነው። የመደርደሪያዎቹ እግር ውሃ እየጠጣ አብጦ ተሰነጣጥቋል፤ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ያንጠባጥባል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ባንድነት የተለኰሰ እንደ ሆነ የቤቱ መብራት በሙሉ ድርግም ይላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን እንፋሎቱ መውጫ ማጣቱ ነበር። እንጀራ የሚጋግሩት እማሆይ አክንባሎውን ባነሡ ቍጥር ፊታቸው በእንፋሎት ይሸፈናል፤ በብርድ ወራት ደግሞ ግድግዳው ውሃ ያወርዳል። ምጣዱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ከቁመታቸው ጋር ስለማይስማማ፣ ለብዙ ዓመት ትከሻቸውን እየሰቀሉ ሲጋግሩ ኖረው ክንዳቸውን ማንሣት እየተሳናቸው ሄደ።

ገንዘብ በመጠኑ ነበረ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ እንደ ሌላው ገንዘብ አልነበረም፤ ከየአገሩ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ መጥቶ፣ «ለእንግዳ ማዕድ ይሁንልኝ» ተብሎ በመጋቢው እጅ የተቀመጠ ስእለት ነው። ደግሞም ከጥቂት ዓመታት በፊት ገንዳውን ሊያድስ የተዋዋለ አንድ ሠራተኛ ግማሹን ክፍያ አስቀድሞ ተቀብሎ፣ አሮጌውን ገንዳ ነቅሎ፣ ከዚያ በኋላ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። እማሆይ ሁለት ወር ሙሉ ሳሕንና ድስት በግቢው ውስጥ በባልዲ ውሃ አጥበዋል። ስለዚህ በማኅበሩ ዘንድ የእድሳት ነገር በተነሣ ቍጥር ከእንጨቱና ከብረቱ ይልቅ የሰውየው ማንነት ይጠየቅ ጀመር።

በዴር ሡልጣን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከዚህ በእጅጉ በከበደ ነበር። «ስታቱስ ኮ» የሚባለው፣ የነበረው እንደ ነበረ ይጽና የሚለው ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1852 በኦቶማን መንግሥት ፈርማን ከጸና ወዲህ፣ በቅዱሳት መካናት አንድን ስፍራ ማደስ የባለቤትነት ምልክት ሆኖ ስለሚቈጠር አንድ ድንጋይ ማንሣት እንኳ ክርክር ያስነሣል። ይህ ማረፊያ ግን ከእንዲህ ያለው ክርክር ውጭ ነው፤ የጐደለው የታመነ ባለሙያ ብቻ ነበረ።

በሉቃስ ወንጌል ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረውን ምሳሌ የሚያውቁት መጋቢ ማንንም ከመጥራታቸው በፊት ሜትር ይዘው ክፍሉን ለኩ። ቤቱ የቆየ የድንጋይ ቤት በመሆኑ ግድግዳው ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከወለሉ አጠገብ 4 ሜትር ከ12 ሳንቲሜትር የሆነው፣ ከጣራው አጠገብ ሲለካ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲሜትር ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መደርደሪያ የሚያሠራ ሰው አምስት ሳንቲሜትር የማይገባ ሣጥን ያሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ለክተው፣ እንደ ገናም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በአግድም ለክተው ጻፉ። ቀጥለውም በአንድ ቀን በማዕድ ቤቱ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ በተራ ጻፉ፤ ሊጡ የት እንደሚቦካ፣ ምስሩ የት እንደሚለቀም፣ ድስቱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ። እማሆይ ይህን አይተው፣ «አባ፣ ይህ ሁሉ ለምኑ ነው? እኔን አንድ ጊዜ ቢጠይቁኝ ይበቃ ነበር» አሏቸው። እውነትም ጠየቋቸው፤ ከወረቀቱ ግማሹ ተሰረዘ።

ከዚህ በኋላ ሦስት ባለሙያዎች በየተራ መጡ።

የመጀመሪያው የሚያብረቀርቅ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ በክፍሉ ውስጥ የቆየው ቡና ተፈልቶ እስኪደርስ እንኳ አልነበረም። ዋጋው ከሁሉ ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ግማሹን በዚያው ቀን እንዲሰጡት ጠየቀ። ሁለተኛው በሚገባ ለካ፤ ያማረ ንድፍም አመጣ። በንድፉ ላይ ምጣዱ አልነበረም። «የት ነው?» ቢባል፣ ሳይሠራበት ሲቀር በቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት እንደሚስብ፣ ሁለቱ ሲደመሩም በ230 ቮልት ከ30 አምፔር እንደሚያልፉ ሲነገረው፣ በነበረው ሽቦ ይሠራል ብሎ መለሰ። የጋዙንም መስመር ራሱ እንደሚዘረጋ፣ ፈቃድ ያለው ሰው መጥራት ወጪ ማብዛት እንደ ሆነ ጨመረ። በእስራኤል ሕግ የጋዝ መስመር ፈቃድ ከተሰጠው ባለሙያ በቀር ማንም እንዲሠራ አልተፈቀደም፤ መጋቢው አመስግነው አሰናበቱት።

ሦስተኛው ዋጋ አልተናገረም። አስቀድሞ፣ «በፋሲካ ስንት ሰው ይበላል? የሚያበስለውስ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እማሆይን አቁሞ፣ ክንዳቸውን አጥፈው እንዲይዙ በትሕትና ለምኖ ከወለሉ እስከ ክርናቸው ለካ፤ ለመክተፊያው ከክርናቸው ጥቂት ዝቅ የሚል፣ ለምጣዱ ግን ከዚያም ዝቅ ያለ ጠረጴዛ እንደሚያስፈልግ ተናገረ። ሊጡን ከላይ ሆኖ ዙሪያውን የሚያፈስስ ሰው ምጣዱን ቍልቍል ማየት አለበትና። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ የጋዙ ሲሊንደር የሚቆምበትን ተመለከተ። ሲሊንደሩ ወደ ምድር ቤት በሚወርደው ደረጃ አጠገብ ነበር፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ያፈተለከ እንደ ሆነ ወርዶ በጕድጓድ ይከማቻል፤ ስለዚህ ከዚያ መነሣት አለበት አለ። «የጋዙ ሥራ ግን የእኔ አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ሰው ይምጣ» ብሎም አሳሰበ። አላውቅም፣ አይገባኝም ማለት የሚችል ሠራተኛ ከተገኘ ግማሹ ፍለጋ አልቋል።

ዋጋው ሲመጣ ከመጀመሪያው ሰው በሢሶ በለጠ። መጋቢው ወዲያው አልተስማሙም፤ ከዚህ በፊት የሠራበትን ቦታ እንዲያሳያቸው ጠይቀው ከሰባት ዓመት በፊት ወደ ሠራው ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄዱ። በዚያም አለቃውን ሳይሆን ወጥ ሠሪዋን አነጋገሩ። ከገንዳው በታች ያለውን መዝጊያ ከፍተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ሳንቃው ደረቅ ነበር።

በማኅበሩ ፊት ግን አንድ አረጋዊ አባት ተቃወሙ። ስእለት በመሆኑ አንዲት ሳንቲም እንኳ በከንቱ ልትወጣ አይገባም፤ የረከሰው እያለ የተወደደውን መምረጥ ለመነኵሴ አይሆንም አሉ። ነገሩ ሊናቅ የሚገባ አልነበረም፤ የሚናገሩት ያንን የተቋጠረ ገንዘብ በዐይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። መጋቢው ደግሞ ሰጪዎቹ የሰጡት ለማዕድ እንጂ ለርካሽ ሣጥን አይደለም ብለው መለሱ፤ ግማሽ ክፍያ ተቀብሎ የጠፋውንም ሰው አስታወሱ። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። የፈታው ባለሙያው ራሱ ነው፤ ከላይ የሚሰቀሉት ሣጥኖች ለእማሆይ ክንድ የማይደርሱ ስለ ሆኑ ይቅሩ፣ በምትካቸው መዝጊያ የሌለው መደርደሪያ ዝቅ ብሎ ይሠራ፣ እብነ በረዱም ቀርቶ የማይዝግ ብረት ይሁን ብሎ ሂሳቡን ከልሶ አመጣ። ልዩነቱ እጅግ ጠበበ፤ አረጋዊውም አባት ፈቀዱ።

ውሉ በጽሑፍ ሆነ። ክፍያው በአራት ተከፈለ፤ እያንዳንዱም ሥራው ታይቶ እንዲሰጥ፣ የመጨረሻው እጅ ደግሞ ማዕድ ቤቱ አንድ ወር ካገለገለ በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። ጊዜው ከጰራቅሊጦስ እስከ ጾመ ፍልሰታ፣ ማለትም እስከ ነሐሴ 1 ቀን ያለው ሁለት ወር ገደማ ሆነ፤ የፋሲካ ተሳላሚዎች የተመለሱበት፣ የሐዋርያት ጾም ስለ ሆነ ገበታው የሚቀልበት፣ ዝናብም የሌለበት ወራት ነውና ግድግዳ ለመንደል ይመቻል። በዚህ መካከል እማሆይ በዕቃ ቤቱ ማዕዘን በአንዲት የጋዝ ምድጃ ቆዩ።

ለእንፋሎቱ መውጫ ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ግድግዳ ሲነደል በውስጡ የዛገ የብረት ቧንቧ ተገኘ። ባለሙያው ሥራውን አቁሞ መጋቢውን ጠራ፤ ቧንቧውን አሳየ፤ መለወጫውን ዋጋ ጽፎ ካስፈረመ በኋላ ብቻ ቀጠለ። በዚህ አምስት ቀን ዘገየ፤ ማንም አላዘነበትም።

ሥራው ተፈጽሞ ለየምጣዱ የየራሱ መስመር በተዘረጋለት ቀን፣ ባለሙያው ሽቦውን ለመፈተን ቆይቶ ነበር። እማሆይ አዲሱን ምጣድ አጋሉና ሊያሟሹት የጎመን ዘር በተኑበት። ጢሱ ሲነሣ ሰውየው ሽቦ የተቃጠለ መስሎት ፊቱ ገርጥቶ መብራቱን ሊያጠፋ ሮጠ። «ተው ልጄ፣ አታጥፋ!» አሉት እማሆይ፤ ጢሱም በአዲሱ መውጫ ወደ ግቢው ወጣ።